የሂሩት አጭር ታንክ

ባለፈው ቅዳሜ ከባለቤቴ ከሂሩት ጋር ባሕር ልንጠልቅ ወጣን። ስምንት ወር ከአስተማሪ ጋር ተለማምደን የመጥለቅ ፈቃድ ከያዝን ወዲህ፣ ሁለታችን ብቻ የምንወርድበት የመጀመሪያው ቀን ነበር። ለእኔ መዝናኛ ነው። ሂሩት ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ውሃ ደረቷን ሲነካት ትንፋሿ ቀጥ የሚል ሰው ናት። ማንም ሳይገፋት ተመዝግባ፣ ገንዳ ዳር እያለቀሰች ጀምራ፣ ፍርሃቷን አሸንፋለች። ይህን ቀን እንዴት እንደጠበቀችው እኔ ነኝ የማውቀው።

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ቢከን ሂል

ሂሩት መኪናውን ይዛ ኖርዝጌት አካባቢ ወዳለው ቸርች ለማለዳ ጸሎት ቀድማ ስለሄደች፣ እኔ በባቡር ልከተላት ተነሳሁ። የሰፈራችን ጣቢያ ከምድር በታች በጣም ጥልቅ ነው፤ አሳንሰሩ ሲወርድ ትንሽ ተንቀጠቀጠ መሰለኝና የአደጋውን ቁልፍ በዓይኔ ፈለግሁ። ባሕር ልወርድ የምሄድ ሰው አሳንሰር መጠርጠሬ ለራሴም አሳቀኝ።

ባቡሩ ውስጥ ፊት ለፊቴ የተቀመጠ ሰውዬ ሻንጣዬን ሁለት ጊዜ አየው። ወደ እግሬ ሳብ አደረግሁት። ሰውዬው ሊወርድ ሲነሳ «ውሃው ይቀዘቅዛል፣ በርታ» አለኝ። እንዴት አወቀ? ኖርዝጌት እስክደርስ ሳወጣ ሳወርድ ቆይቼ ነው የእግር መቅዘፊያዬ ከሻንጣው ብቅ ብሎ ያየሁት።

ሦስት ሰዓት፣ ሊንውድ

ሂሩት ኖርዝጌት ጣቢያ ከቸርች የተረፈ ዳቦና ሻይ ይዛ ጠበቀችኝ። እየዘመረች ነዳች። «ውሃው የሚረጋው አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ካለፈን ወዲያ ማዕበሉ ይጎትታል» አለችኝ። ሊንውድ የጠላቂዎች ሱቅ በር ላይ አውርዳኝ ቤንዚን ልትቀዳ ሄደች።

ባለሱቋ ሰላም ትባላለች፤ ወላጆቿ የአስመራ ሰዎች ናቸው፣ ያደገችው አዲስ አበባ ነው። እውነቱን ልናገርና፣ ሻጩ የአገር ልጅ ሲሆን ጥርጣሬዬ ይብሳል። «ዝምድናውን አስቦ ዝም ይላል» ብለው የማይሆን ዕቃ የሚያሸክሙኝ ይመስለኛል።

«ጋሼ፣ ሶ ሁለቱም ሬዲ ናቸው፤ ቼክ አድርጌያቸዋለሁ» አለችኝ።

ጀርባ ላይ የሚታዘሉ ሁለት የብረት የአየር ታንኮች ቆመዋል። አንዱ ጭኔ ድረስ ይደርሳል፤ ሌላው ከጉልበቴ አያልፍም።

«ይሄ ድንክዬ የማን ነው?»

«የባለቤትዎ ነው፣ ሰማንያ። የእርስዎ መቶ ሃያ። ቁጥሩ የሚይዘው አየር ነው።»

«ኪራዩስ?»

«እኩል ነው።»

አሃ! ኪራዩ እኩል፣ አየሩ ያነሰ። ያዝኳት አልኩ በልቤ።

«ኮል አድርጋ ራሷ ናት የመረጠችው» አለች ሰላም። «አጭር ናት፤ ረጅሙ ከላይ ጭንቅላቷን፣ ከታች መቀመጫዋን ይመታታል። ደግሞ አየር ቀስ ብላ ነው የምትስበው። እርስዎ ግን ኦኬ... እሷ እንዳለችኝ ትንሽ ብዙ ይስባሉ።»

«አሉሚኒየሙስ?»

«እሱ አየሩ እያለቀ ሲሄድ ይቀልና ወደ ላይ ይጎትታል። በቀዝቃዛ ውሃ ወፍራሙ ልብስም ስለሚያንሳፍፍ ለእሷ ብረቱ ይሻላታል።»

መልሱ ሁሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ ይሄ ራሱ አስጠረጠረኝ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነው፣ ሂሩት ያለችው ከመንገዱ ማዶ ነው። ደውዬ መጠየቅ ነበረብኝ፤ አልደወልኩም።

«ለእሷም መቶ ሃያ ስጪኝ» አልኳት።

«እሷን ቢጠይቋትስ?»

«ባሏ ነኝ እኮ!»

ሰላም ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ ሁለተኛ ረጅም ታንክ አወጣች። ሂሩት ስትመለስ ሁለቱንም መኪናው ውስጥ ጭኜ፣ እንዳይንከባለሉ ብርድ ልብስ ጠቅልዬባቸው ነበር። ሚስቴን ከመታለል ያዳንኩ መስሎኝ መንገዱን ሙሉ ደስ ብሎኝ ሄድኩ።

አምስት ሰዓት፣ ባሕሩ ዳር

ሰማዩና ባሕሩ አንድ ዓይነት ግራጫ ናቸው። ተራሮቹ በደመና ተሸፍነዋል፣ መኪና የጫነ ጀልባ ከሩቅ ያልፋል። ሂሩት ወፍራሙን የውሃ ልብሷን ለብሳ ብርድ ልብሱን ገለጠችና ቆመች።

«የኔ ታንክ የታለ?»

«ያውልሽ። ትልቁን አስቀየርኩልሽ፤ አየር ይበዛልሻል።»

አተኩራ አየችኝ። ከዚያ ሰዓቷን አየች። ተመልሰን ብንሄድ ውሃው አይጠብቀንም። «እሺ፣ እንሞክረው» አለች።

እጄን ይዛ ገባች። ጉልበቷ ድረስ ደህና ነበረች፤ ወገቧ ድረስም። ውሃው ደረቷን ሲነካ ትንሽ ሞገድ መጣና ታንኩ ወደ ኋላ ጎተታት። በጀርባዋ ወደቀች። የታንኩ አናት ጭንቅላቷን መታው፣ ውሃው ፊቷ ላይ አለፈ፣ እጆቿ አየሩን ይቧጥጡ ጀመር። ጎትቼ አወጣኋት። ጠጠሩ ላይ ተቀምጣ ስትንቀጠቀጥ ብርዱ አለመሆኑን አወቅሁ፤ አፈርኩ።

«ተመለሰብኝ» አለች። «ገንዳው ውስጥ ጥዬው የወጣሁት ፍርሃት ተመለሰብኝ።»

«ሰላም ያታለለችሽ መስሎኝ ነው...»

«እኔ እንደመረጥኩት አልነገረችህም?»

«ነግራኛለች።»

ሂሩት ተነስታ ልብሷን ቀየረች።

ሰባት ሰዓት፣ ሊንውድ እንደገና

ሰላም የሂሩትን እርጥብ ፀጉር አየች እንጂ «አላልኩም?» አላለችም። እሷ ብትልና ብንጣላ ይሻለኝ ነበር። አጭሩን ታንክ አምጥታ ጀርባዋ ላይ አሰረችላት። ሂሩት ሱቁ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ተራመደች፣ ጎንበስ ቀና አለች፣ ከዚያ በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። ወዲያው ለሚቀጥለው ቅዳሜ አስያዘችው።

ማንም ብቻውን አይወርድምና ቅጹ ላይ አብሮ የሚጠልቀው ሰው ስም ይጻፋል። ሂሩት እስክሪብቶውን አነሳችና ሰላምን ጠየቀቻት፤ ሰላምም እሺ አለች።

«እኔስ?» አልኩ።

ሂሩት ወደ እኔ ዞረች፤ አልተቆጣችም። «እታች መነጋገር የለም፤ ያለው የእጅ ምልክት ብቻ ነው። አየር አለኝ፣ ደህና ነኝ ብዬ ባሳይህ ታምነኛለህ?»

ገንዳ ውስጥ ደህና ነኝ ባለችኝ ቁጥር የእጅ ምልክቷን ትቼ፣ የአየር መለኪያዋን ጎትቼ በዓይኔ ሳይ እንደነበር አስታወስኩ።

ማታ፣ ቤት

ወደ ቢከን ሂል እኔ ነዳሁ፤ እሷ ተኛች። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ስለ ታንክ ከሆነ ቀላል ነው፦ አጭር ሰው አጭሩን፣ ብዙ የሚተነፍስ ትልቁን፣ ለቀዝቃዛ ውሃ ብረቱን። ስለ ራሴ የተማርኩት ግን ይከብዳል። ሰላምን የጠረጠርኩ መስሎኝ ነበር፤ ያላመንኩት ሂሩትን ነው።

ቅዳሜ ከዳር ቆሜ እጠብቃታለሁ። አልጠራጠርም ብዬ አልምልም፣ ራሴን አውቀዋለሁና። ስትወጣ ግን ስንት አየር እንደተረፋት አልጠይቃትም።