ልብስ ሰፊው ፈረጅ የመረጠው አገር

ልብስ ሰፊውን ጋሽ ፈረጅን ዛሬ የሚያዩት ሁሉ ዝምተኛ ነው ይሉታል። አያውቁትም። እኔ ደጋዋ ጎረቤላ ከተማ ውስጥ ሻይ ቤቴ ከሱቁ ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘ ስለነበር አውቀዋለሁ። ለማክሰኞ ያለውን ሱሪ ለቅዳሜ የሚያደርስ፣ ሲቆጡት በሳቅ የሚያመልጥ ሰው ነበር። በወሬ ግን የሚደርስበት አልነበረም።

ክረምት ላይ ጉሙ ሲወርድ ገበያው ይቀዘቅዛል። ያኔ ጋሽ ፈረጅ ራሱ የፈጠረውን ጨዋታ ያመጣል። “መንገደኞች ናችሁ፤ ከፊታችሁ ገደል አለ፤ ምን ታደርጋላችሁ?” ይለናል። እያንዳንዳችን ያሰብነውን እንናገራለን፤ ከዚያ ሳንቲም ይወረወራል። አንበሳው ከወጣ ይሳካልናል፤ ካልወጣ ጉዳችን ይፈላል። ተጫዋቾቹ ሦስት ነበርን፦ እኔ ኩብራ፣ የቄስ ልጅ የሆነው መምህር ዘርአ ዳዊት፣ እና የጋሽ ፈረጅ የእህት ልጅ ሰላሀዲን። ሰላሀዲን ለእናቱ ለሰሊሃ አንድ ልጇ ነው። ብሔራዊ ውትድርና በታወጀ ጊዜ “እዚህ አልዩ አምባ ሁሉም ያውቀዋል፤ አንተ ዘንድ ይሰንብትልኝ” ብላ ለወንድሟ አደራ ሰጠችው።

መጀመሪያ የተጫወትንበት አገር አስማት የሞላበት ነበር። በቅሎው ይበራል፣ ቅጠል ያኘከ ይሰወራል፣ አለቱ በቃል ይከፈታል። አንድ ቀን መምህሩ ሰለቸው።

“ጋሽ ፈረጅ፣ ሁላችንም የምንበር ከሆነ አቀበቱን ማን ይወጣዋል? እኔ አንዴም ፈርቼ አላውቅም” አለ።

“እና ምን ይሁን?”

“ሌላ አገር እንምረጥ። አዲስ መፍጠርም አያስፈልግም፤ ተሠርቶ ያለቀ አገር ይሻላል። አስማቱ ልክ እንደ ጨው ትንሽ ይበቃዋል።”

እሱ አያቱ ያገለገሉበትን ገዳም አቀረበ። ወንዶች ብቻ የሚገቡበት ገዳም ውስጥ እኔ ምን ልሠራ ነው ብዬ እምቢ አልኩ። ጋሽ ፈረጅ መቀሱን አስቀምጦ ጥቂት አሰበና “የአባቴን መንገድ እንውሰድ” አለ። አባቱ ከአልዩ አምባ ቆላ ወርዶ ጨው የሚያመጣ ነጋዴ ነበር። ማረፊያው፣ ምንጩ፣ ሽፍታው ሁሉ ተዘጋጅቶ የሚጠብቅ አገር ነው። አስማት ከተባለ አንድ ክታብ ብቻ አለ፤ እሱም አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ አይሠራም።

ያን አገር ከልባችን ወደድነው። በጨዋታው ውኃ ሲያልቅብን ጉሮሮዬ የእውነት ይደርቅ ነበር። የሚያድነን በሁለተኛው ቀን መንገድ ከሾላ ዛፍ ሥር የሚፈልቀው ምንጭ ነው። ጋሽ ፈረጅ የውኃውን ቅዝቃዜ ሲያወራ ትናንት ጠጥቶት የመጣ ይመስላል። አባቴ ነገረኝ ያለን የመጀመሪያ ሰሞን ብቻ ነው፤ እያደር ግን “እኔ ሳልፍ” ማለት ጀመረ። ጨዋታው እንዲያ ሲጥም ማን ይጠይቀዋል?

ግንቦት ላይ ቀበሌው ቤት ለቤት እየዞረ ወጣት መልቀም ያዘ። አንድ ማለዳ ሰላሀዲን ኮዳውን ውኃ አስሞላኝና “ኩብራ፣ አጎቴ ሲነሳ በአያቴ መንገድ ወረደ በይው” አለኝ።

“ብቻህን?”

“መንገዱን አውቀው የለ እንዴ? እስከ ሾላው ይህችው ትበቃኛለች።”

እኔም የማውቀው መስሎኝ ነበርና ዳቦ ጨምሬ ሸኘሁት። ዛሬም ድረስ የሚያንገበግበኝ እሱ ነው። እጁን ይዤ ባስቀረው ኖሮ።

ለጋሽ ፈረጅ ስነግረው ፊቱ አመድ መሰለ። የጫማውን ማሰሪያ እንኳ ሳያጠብቅ ተከትሎት ወረደ። ግን አልዩ አምባ ሲደርስ ቆመ፤ ከዚያ ወዲያ ሌሎች ሰዎችን ልኮ እህቱ ቤት ተቀመጠ። መንገዱን እንደዚያ የሚያውቅ ሰው ለምን ራሱ አይሄድም ብዬ በሆዴ ተቀየምኩት። የተላኩት ሰዎች ባዶ ኮዳ ይዘው ተመለሱ። ሰላሀዲንን ቆለኞቹ በውኃ ጥም ሞቶ አግኝተው ቀብረውታል። ሾላው ተቆርጧል፤ ምንጩም ከደረቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል አሉ።

ለለቅሶ ከዘርአ ዳዊት ጋር አልዩ አምባ ወረድን። መምህሩ መንገዱን ሙሉ ራሱን ሲወቅስ ነበር። “አስማቱን ያስቀነስኩት እኔ ነኝ። የሚበር በቅሎ ያለበትን ወሬ አምኖ አገር ጥሎ የሚወጣ የለም” ይላል።

ስንገባ ሰሊሃ ኮዳውን አቅፋ ከወንድሟ ፊት ተቀምጣለች። ዓይኗ አብጧል።

“ወንድምዬ፣ አንተ ቦታውን ታውቀዋለህ” አለችው። “ልጄ የተኛበትን ንገረኝ። ጥላ አለው? አፈሩ አሸዋ ነው ድንጋይ?”

ጋሽ ፈረጅ አንገቱን ደፋ።

“አላውቀውም” አለ። “ሰሊሃ፣ ከዚህ ከተማ ወዲያ ወርጄ አላውቅም። የአባባን ወሬ ነው የማወራው።”

ሰሊሃ አልጮኸችም። ኮዳውን ጭኗ ላይ አድርጋ አየችው።

“ይህችን ቃል ለልጄ ብትነግረው ምን ነበረበት?” አለችው።