«በሞቴ» የማይባልበት ግሮሰሪ

በዲላ ከተማ መጠጥ የሚሸጥ ቤት ሁሉ ግድግዳው ላይ ሁለት ነገር ይሰቅላል፤ በመስታወት ክፈፍ የገባ የንግድ ፈቃድና «ከሃያ አንድ ዓመት በታች ለሆኑ አልኮል አይሸጥም» የሚል ማስታወቂያ። ሁለቱም ከጎናቸው ከተሰቀለው የቢራ ፋብሪካ የቀን መቁጠሪያ ያነሰ ይነበባሉ። የትምወርቅ ግን ማስታወቂያውን አንብባው ነበር። አንብባ ብቻም አልቀረችም፤ አመነችበት። የደረሰባት ሁሉ የደረሰባት በዚህ ምክንያት ነው።

ግሮሰሪዋ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ በአስፋልቱ ዳር ነበር። ባሏ በሕይወት ሳለ ሁለቱ አብረው ይሠሩበት ነበር። እሱ ሲያርፍ የቅርብ ወዳጆች መጥተው «ሴት ብቻዋን ሰካራም አትችልም» ሲሉ መከሯት። «ሰካራም የሚፈጠረው የሚያሰክር ሲኖር ነው» አለቻቸውና በማግስቱ በሩን ከፈተች።

የቤቱ ሥርዓት ውስብስብ አልነበረም። ምግብ ያልቀመሰ ሰው ሁለተኛ ጠርሙስ አይታዘዝለትም። መኪና ይዞ የመጣ ቁልፉን ባንኮኒው ላይ ያስቀምጣል፤ አለዚያ ለስላሳ ይጠጣል። የበዛበት ሰው አይሰደብም፣ አይገፈተርም፤ ባጃጅ ይጠራለታል፤ ባጃጁንም የምትመርጠው ራሷ ናት። ከዩኒቨርሲቲው የሚመጣ ልጅ መታወቂያ ያሳያል፤ ጢም እንደ ማስረጃ አይቆጠርም።

«ማዘር፣ እኔ እኮ ሲኒየር ነኝ!» ይላታል አንዱ።

«አንተ ሲኒየር ነህ፤ መታወቂያህ ግን ገና ፍሬሽ ነው። ለስላሳ ላምጣልህ?»

ጓደኞቹ በሳቅ ይሞታሉ፤ እሱም ለስላሳውን ይጠጣል። በዓመቱ ዕድሜው ሲደርስ ተመልሶ የሚመጣው እዚያው ነው። ከእነዚህ ደንቦች ሁሉ የጠነከረው ግን በየትኛውም አዋጅ ውስጥ የማይገኘው ነበር፤ በየትምወርቅ ቤት «በሞቴ» አይባልም።

«በሞቴ»ን አንባቢ ያውቀዋል። ተጋባዡ «በቃኝ» ሲል ጋባዡ በራሱ ሞት ይማጸናል። ከዚያ በኋላ እምቢ ማለት መጠጡን አለመፈለግ መሆኑ ይቀርና የጋባዡን ሕይወት መናቅ ይሆናል። ጉርሻ ላይ ሲውል ጉዳቱ ጥቂት ነው፤ ቢከፋ ሆድ ይነፋል። ብርጭቆ ላይ ሲውል ግን በአገራችን ያለ ምንም ፈቃድ በኪስ የሚያዝ ማስገደጃ ነው። የያዘውም ሰው ለጋስ ይባላል እንጂ አስገዳጅ አይባልም።

«እዚህ ቤት የሚሞት የለም» ትል ነበር የትምወርቅ። «የጠማው ይጠጣል፣ የበቃው በቃው።»

አቶ መላኩ የቤቱ አከራይ ናቸው። ቡና አቅራቢ ናቸው፤ በወርቃ የቡና መፈልፈያ አላቸው። ለቅሶ ቤት ቀድመው ይደርሳሉ፣ ለሠርግ ሰንጋ ይሰጣሉ፣ የተቸገረ አይተው አያልፉም። ክፉ ሰው አይደሉም። ይህን የምጽፈው ክሱን ለማቅለል አይደለም። ክፉ ሰው ሲያስገድድ ሰው ይጠነቀቀዋል፤ ደግ ሰው ሲያስገድድ ግን ያጨበጭብለታል።

በኅዳር ወር፣ ቀይ ቡና በሚለቀምበት ሰሞን፣ አንድ ቅዳሜ በምሳ ሰዓት አቶ መላኩ ወዳጆቻቸውን አስከትለው ግሮሰሪው ገቡ። ቡናቸው ደህና ዋጋ አውጥቷል፤ ፊታቸው ከሩቅ ያበራል። ጥግ ላይ ሙሉካ ቆጮ በክትፎ ይበላል። ሙሉካ ከዲላ ገደብ ከተማ ሰው የሚያመላልስ የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ ረዳቱ መናኸሪያ ውስጥ ተሳፋሪ እየጠራ ነበር።

«ሙሉካ! ደስታዬን ሳትካፈል ብቻህን ታኝካለህ?» አሉ አቶ መላኩ።

«ሰው እየጫንኩ ነው ጋሼ። ገደብ ልወጣ ነው።»

«ገደብ የት ይሄዳል? አንድ ብርጭቆ ሹፌር አይገድልም።»

«ልክ ነው፤ ተሳፋሪውን ነው የሚገድለው» አለች የትምወርቅ ከባንኮኒው ኋላ ሆና።

አቶ መላኩ ሳቁ። ከዚያ ከራሳቸው ጠርሙስ ብርጭቆ ሞልተው ሙሉካ ፊት አስቀመጡና ሦስቱን ፊደላት አወጡ፤ «በሞቴ!»

ሙሉካ በሩን አየ፣ ብርጭቆውን አየ። የመፈልፈያውን ሠራተኞች በየሳምንቱ በኮንትራት የሚያመላልሰው ለእኚሁ ሰው ነው፤ ዛሬ ሞታቸውን የናቀ በሚቀጥለው ሳምንት ኮንትራቱን እንደማያገኝ ማንም ሊያስረዳው አላስፈለገም። ብርጭቆውን አነሳ።

የትምወርቅ ከባንኮኒው ወጥታ፣ ከሕፃን እጅ ምላጭ እንደምትቀበል እናት ቀስ አድርጋ ወሰደችበት። ወደ በሩ ሄደች። ከደጁ ባለው ዛፍ ሥር አንጠፍጥፋ ደፋችው።

«ለአድባሯ ነው፣ ጋሽ መላኩ። በሞትዎ እየማሉ ከሆነማ ዕድሜዎን ታርዝምልዎት ብዬ ነው።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሙሉካ ሒሳቡን ከፍሎ፣ በጠራ ዓይን፣ ተሳፋሪዎቹን ይዞ ወደ ገደብ ወጣ፤ በሰላምም ደረሰ። በሰላም መድረሱ ደግሞ ጉዳዩን አበላሸው። አደጋ ቢደርስ ኖሮ ማን ልክ እንደነበር ይታወቅ ነበር፤ ያልደረሰ አደጋ ግን ምስክር የለውም። የቀረው የተደፋ ቢራና የተሳቀባቸው ባለጸጋ ብቻ ነው።

በሳምንቱ መልእክት መጣ፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ቤቱን ልቀቂ። የኪራይ ውላቸው የቃል ነበር፤ በቃል የተሰጠ በቃል ተነሣ። ለየትምወርቅ ቤቱ ከሌለ ሥራው የለም፤ በዚያ ሰሞን ዲላ ውስጥ በአስፋልት ዳር ባዶ ቤት ማግኘት ደግሞ በኅዳር ሥራ ፈት ለቃሚ ከማግኘት አይቀልም። ስለዚህ ሽማግሌ ላከች።

ሽማግሌዎቹ በአቶ ከፈለኝ ግቢ ተሰየሙ። አቶ ከፈለኝ ጡረታ የወጡ ርእሰ መምህር ናቸው፤ ንግግራቸው እንደ ደወል ሰዓቱን ያከብራል። ከጎናቸው ሐጂ ፈድሉ ተቀመጡ፤ ቤተሰባቸው ከመሀል አገር መጥቶ በዲላ በሱቅና በትራንስፖርት የከበረ ነው። ሙሉካ የሚነዳት ሚኒባስም የእሳቸው ናት። ሦስተኛው ሽማግሌ ስማቸውን ለመጻፍ የሚያበቃ አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ጥፋታቸውም ይኸው ነው።

ጉባኤው ከቀትር በኋላ ሙሉውን ጊዜ ወሰደ። የተመረመረው ጥያቄ «የትምወርቅ ብርጭቆውን ለምን ደፋች?» የሚል ነበር። «አቶ መላኩ ብርጭቆውን ለምን ሞሉት?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ከሁሉ አስቀድመው መጠየቅ የነበረባቸው ሐጂ ፈድሉ ናቸው፤ መኪናዋ የእሳቸው፣ ሹፌሩ የእሳቸው፣ ተሳፋሪውም በእሳቸው አደራ። እሳቸው ግን «እንግዳን ማክበር ደግ ነው» ብለው ዝም አሉ። መኪኖቻቸውን ለቡናው የሚኮናተሩት አቶ መላኩ ናቸው።

«ሁለቱንም ወገን አድምጠናል» አሉ አቶ ከፈለኝ። «የትምወርቅ ሰውን በሰው ፊት አሳፍራለች። ይቅርታ ትጠይቅ፤ ለዕርቁ ማድመቂያም አንድ ሳጥን ቢራ ታምጣ። መላኩም ቤቱን ይተውላት።»

የትምወርቅ ተነሥታ እጅ ነሣች። «ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ጋሽ መላኩ። መጠጥ መድፋት እኔንም ያመኛል፤ ነጋዴ ነኝ።»

ሁሉም ሳቁ። ዕርቁ ያለቀ መሰለ። ቢራው በባጃጅ መጣ፤ ብርጭቆ ተደረደረ። አቶ መላኩ ፊታቸው ፈካ። «ቶሎ በሉ፣ ጠጥቼ ወርቃ ልወጣ ነው፤ መፈልፈያው ይጠብቀኛል» አሉ። ፒክአፓቸው በር ላይ ቆማለች፤ የሚነዱትም ራሳቸው ናቸው።

የትምወርቅ መክፈቻውን ይዛ ቆመች።

«ቁልፉን ለአቶ ከፈለኝ ይስጧቸው፣ ጋሽ መላኩ። ያን ጊዜ እከፍታለሁ።»

አቶ መላኩ ቁልፉን ከኪሳቸው አላወጡም።

«የትምወርቅ፣» አሉ አቶ ከፈለኝ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «ይህ ግሮሰሪሽ አይደለም፤ ግቢዬ ነው። ይህ ሽያጭ አይደለም፤ ቅጣት ነው። ሕጉ የሚናገረው ስለ ሽያጭ ነው።»

«እውነት ነው ጋሼ። የወርቃ ገደል ግን ቢራው የተሸጠ ይሁን በቅጣት የመጣ አይጠይቅም።»

«አንዷን ብቻ!» አሉ አቶ መላኩ። «ሽማግሌ ፊት እንኳ አታከብሪኝም? አንዷን ክፈቺ፣ በሞቴ!»

«እኔም የፈራሁት እሱኑ ነው» አለች። መክፈቻውን መሐረብ ውስጥ ጠቅልላ ቦርሳዋ ከተተችው።

በዚህ ጊዜ ነበር ሐጂ ፈድሉ አፋቸውን የከፈቱት። «መላኩ፣ ቁልፉን ስጥ። ልክ ናት። ያን ቀንም ልክ ነበረች።» ትክክለኛ ቃል ነበር። የተነገረው ግን ፍርዱ ከተሰጠ፣ ሴትዮዋም በሰው ፊት አንገቷን ደፍታ ይቅርታ ከጠየቀች በኋላ ነው። ገና ሲሰየሙ ተነግሮ ቢሆን አንድ ግሮሰሪ ያድን ነበር።

አቶ መላኩ ተነሡ። «ወሩ ሲያልቅ እንዳላይሽ!» ብለው ወጡ፤ በጠራ አእምሮ እየነዱ ወርቃ ገቡ። ለዚህ ማንም አላመሰገናትም። ወርቃ በደህና የደረሱት እሷ ቤቷን ከፍላ መሆኑን ለራሳቸውም የነገራቸው የለም፤ ስለዚህ እዚህ ተጽፎላቸዋል።

ዛሬ በዚያ ቤት ሌላ ተከራይ ገብቷል። ሙዚቃው ይሰማል፣ ማስታወቂያው ተሰቅሏል፣ ሹፌሮች ይጋበዛሉ። አቶ ከፈለኝ አመሻሽ ላይ ብቅ ይላሉ፤ ሥርዓት ያለው ቤት ነው ይላሉ።

የትምወርቅ ወናጎ ውስጥ በዋናው መንገድ ዳር ጠበብ ያለች ቤት አገኘች፤ ፈቃድ አወጣች። ዕቃዋ የሚነሣ ዕለት ሐጂ ፈድሉ ሚኒባሷን ያለ ኪራይ ላኩ። ሙሉካና ሁለት የሠፈር ሰዎች ፍሪጁን በስንት መከራ ጣራው ላይ አውጥተው በገመድ ጠፈሩት፤ የገመዱንም ጫፍ በኋላው መስኮት አስገብተው ከወንበር አሰሩት።

«እትዬ፣ ከፊት ይቀመጡ» አላት ሙሉካ።

«ከኋላ ይሻለኛል፤ ገመዱን አያለሁ። ቀስ ብለህ ንዳ።»

«ኧረ እትዬ! ስንት ዓመት ሰው ስጭን አይተውኝ ቀስ በል ብለውኝ አያውቁም፤ ለፍሪጅ ነው?»

«ሰው አፍ አለው፤ ስታጠፋ ይጮህብሃል። ፍሪጅ ምን ይላል?» አለችና ገብታ በሩን ሳበችው። «ንዳ እንጂ! ወናጎ ገበያ ሳይበተን ልክፈት።»