የአባቴ ቮልስ ወንበሮች

የኋላውን ወንበር ሳነሳው መጀመሪያ የመጣብኝ ሽታው ነው። የአይጥ ሽንት፣ የሻገተ ጨርቅ፣ ከሥሩ ደግሞ የቆየ የሲጋራ ጠረን። ወንበሩ ውስጥ የተጠቀጠቀው ገመድ መሳይ ጭረት ተበጣጥሶ አንድ ጥግ ላይ ተከምሯል። ክምሩ መሐል ገና ፀጉር ያላወጡ፣ ቀይ ሥጋ የመሰሉ የአይጥ ግልገሎች ይርመሰመሳሉ። ወንበሩን ለቅቄ ወደ ቧንቧው ሮጥኩ፤ ቁርሴ እንዳለ ወጣ። ግልገሎቹን የጎረቤት ዘበኛ በአካፋ ዝቆ ወሰደልኝ። የት እንደጣላቸው አልጠየቅኩትም።

መኪናዋ የአባቴ ቮልስ ናት። እሱ ከሞተ በኋላ መካኒሳ አቦ ባለው ግቢያችን፣ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር፣ ሸራ ለብሳ ዓመታት ቆመች። እናቴን መኪናዋ ትዝ ያለቻት ጉልበቷ ሲከዳት ነው። ሚኒባስ ላይ ለመውጣት እግሯን እስክታነሳ ድረስ ረዳቱ "ማዘር ፍጠኑ እንጂ!" እያለ ይጮህባታል። አንድ ቀን እንዲያውም ብብቷን ይዞ እንደ ጆንያ ጎትቶ አስገባት። ያን ቀን እቤት ስትገባ ነጠላዋን ሳታወልቅ "ሁለተኛ ታክሲ አልሳፈርም። የአባታችሁን መኪና አስነሱልኝ" አለች።

ሞተሩን መካኒክ አስነሳው። ውስጡን ግን ማንም ሊነካው ስላልወደደ እኔ ላይ ወደቀ። እናቴ ገና ሥራ ሳልጀምር ትእዛዟን ሰጠች።

"እጠቢ፣ ጥረጊ፣ ግን እንዳለ ይሁን። አንድ ነገር እንዳትለውጪብኝ።"

"እማዬ፣ አይጥ ወልዶበታል እኮ!"

"አይጡን አውጪዋ። መኪናው ምን አደረገ?"

የጣሪያውን ጨርቅ በእርጥብ ስፖንጅ ስነካው ቡናማ ውሃ በክንዴ እስከ ብብቴ ወረደ። አባቴ እየነዳ ነበር የሚያጨሰው፤ መስኮት መክፈት ደግሞ አይወድም። ያ ሁሉ ዓመት ያወጣው ጭስ ጣሪያው ላይ ተጣብቆ እኔን ጠብቋል። ልጅ ሆኜ ትምህርት ቤት ሲያደርሰኝ መንገዱን ሙሉ ያቅለሸልሸኝ ነበር። ዩኒፎርሜ ስለሚሸት ዴስክ የምትጋራኝ ልጅ ወንበሩ ጫፍ ድረስ ትሸሸኝ ነበር። ሰዎች አባቴን ሲያነሱ "ደግ ሰው ነበር" ይላሉ። እውነት ነው፣ ደግ ነበር። እኔ ግን ደግነቱ ከነጠረኑ ነው የሚመጣብኝ።

ዳሽቦርዱ ላይ ያለችውን የሲጋራ መተርኮሻ ስስባት እስከ አፏ ሞልታለች። አመዱ እርጥበት ገብቶበት ጭቃ ሆኗል። ከጭቃው የወጡት ቁራጮች ጫፋቸው ላይ የአባቴ ጥርስ ምልክት አለ። ልደፋው ስል እናቴ ከበረንዳው ጮኸች።

"እሱን ተዪው!"

"ምኑን ነው የምተወው? ቆሻሻ ነው።"

"የእሱ ነው።"

"እማዬ፣ የገደለው እኮ ይሄ ነው።"

"እኔ አጥቼው ነው? ደም ሲተፋ ሳህኑን የያዝኩለት እኔ አይደለሁም እንዴ?"

መተርኮሻዋን መልሼ ዘጋኋት፤ እጄን ግን ቆዳዬ እስኪቀላ ፈተግኩት። በማግስቱ ጠዋት ጽጌረዳው ሥር አመድ ተደፍቶ አየሁ። መተርኮሻዋ ታጥባ ቦታዋ ገብታለች። እናቴ ከእኔ ቀድማ ተነስታ ነበር።

ቀጥሎ የመጣብን ታናሽ ወንድሜ ነው። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው የሚኖረው። እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ መጥቶ፣ ሰርፕራይዝ ላድርጋችሁ ብሎ፣ የፊት ወንበሮቹን ነቅሎ ሰፈሩ ወዳለ ታፒሴሪ ቤት ወሰዳቸው፤ የመኪና ወንበር የሚያለብሱ ሰዎች ዘንድ። ሲመልሳቸው በላስቲክ ተጠቅልለዋል። ላስቲኩን ሲገፈው የሚያብለጨልጭ፣ ደም የመሰለ ቀይ ቆዳ ብቅ አለ። ክሩ ወርቃማ ነው፤ መደገፊያው ላይ ደግሞ ዘውድ ተጠልፎበታል። የማስቲሹ ሽታ ዓይን ያቃጥላል።

እናቴ ቆዳውን በጣቷ ጫፍ ነካችውና ጣቷን በነጠላዋ ጠረገች።

"ምንድን ነው ይሄ? የቡና ቤት ወንበር ነው?"

"እማዬ፣ ዘመናዊ ነው እኮ። ለሙሽራ ሁሉ ይከራያል።"

"አባትህ በተቀመጠበት ላይ ሰካራም ሚዜ ልትጭን? የድሮው ልባስ የታለ?"

ወንድሜ ዓይኑን ሰበረ። "ጣሉት መሰለኝ" አለ።

እናቴ ዞር ብላ ምራቋን እንትፍ አለችና ወደ ቤት ገባች። ምሳም አልቀመሰችም።

ወንድሜን ይዤው ጀሞ ሄድኩ። የታፒሴሪ ቤቱ ሠራተኛ ከስፌቱ ቀና ሳይል በአውራ ጣቱ ወደ ጓሮ ጠቆመን። ጓሮው የወንዝ ዳር ነው፤ የሰፈሩ ቆሻሻ ሁሉ እዚያ ይደፋል። የበሰበሰ ሽንኩርት፣ ዳይፐር፣ የዶሮ ላባና አንጀት፣ ዝናብ ስለመታው ደግሞ ከሥሩ ጥቁር ፈሳሽ ይንጠፈጠፋል። እጃችን ላይ ፌስታል አጥልቀን መቆፈር ያዝን። ወንድሜ ነጭ ስኒከሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ሲሰምጥ ዘወር ብሎ አስመለሰው። አንዲት በዚያ የምታልፍ እናት ቆም ብላ አየችንና ከዘንቢሏ ዳቦ አውጥታ ዘረጋችልን።

"ልጆቼ፣ ከዚያ ላይ የሚበላ አታንሱ። ያማችኋል" አለች።

ወንድሜ አፍሮ ዳቦውን ተቀበላት።

አንደኛውን ልባስ ከዳይፐሮቹ ሥር አወጣሁት። ሁለተኛው ላይ አንዲት ውሻ ከነቡችሎቿ ተኝታለች። ልንጠጋት ስንል ጥርሷን አሳየችን። ወንድሜ ዳቦውን ራቅ አድርጎ ወረወረላትና ስትነሳ ቡችሎቹን ወደ አንድ ጆንያ አዛወርናቸው። ልባሱን ስስበው ቁንጫ በእጅጌዬ ላይ ሲዘል አየሁ። እስከ መካኒሳ ድረስ ሁለታችንም ስንታከክ መጣን።

ግቢ ውስጥ በሳሙናና በሆምጣጤ ደጋግመን አጠብናቸው። የመጀመሪያው ውሃ የሆነውን መልክ መጻፍ አልፈልግም። እየቆየ የወተት ቀለማቸው ተመለሰ። የአንደኛው ጎን ግን ተቀዷል። እናቴ በወጣትነቷ ልብስ ትሰፋ ነበር። መነጽሯን አድርጋ፣ ከኋላው ወንበር ጀርባ ሰው ከማያየው ቦታ ተመሳሳዩን ቆረጠችና ቅዳዱን በእጇ ጣፈችው። አባቴ በሲጋራ ያቃጠለው ቀዳዳ ጋ ስትደርስ ግን አለፈችው።

"ይሄ ይቆይ" አለች።

ዙሪያው ቢጫ ነው።

ለቡ መብራት ኃይል አጠገብ ያገኘነው ሌላ ባለሙያ ቀዩን ቆዳ ገፎ፣ አዲስ ጭረት ሞልቶ፣ አሮጌዎቹን ልባሶች መልሶ ወጠራቸው። ቀዩን ምን እናድርገው ሲል እናቴ "ለራስህ" አለችው።

ባለፈው እሑድ እናቴን ጀሞ ለቅሶ አደረስኳት። መንገዱ ተዘጋግቶ ቆመን ሳለ ፀሐዩ ጣሪያውን መታውና ሳሙና ያልበገረው ጭስ ቀስ እያለ ወረደብን። መስኮት ስከፍት ከፊታችን ያለው ሚኒባስ ጥቁር ጭሱን ለቀቀብን፤ መልሼ ዘጋሁ። እናቴ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ቀና ብላ ተቀምጣለች። በአፍንጫዋ ረጅም ትንፋሽ ሳበችና "ጥሩ ሆኗል" አለች።

ለቅሶ ቤቱ በር ስንደርስ ማንም ሳይደግፋት ወረደችና እያነባች ገባች። እኔ ግን አየር እስካገኝ ድረስ ከድንኳኑ ውጪ ቆየሁ።