አውድማው መንገድ ዳር የወጣበት መዝገቡ

የገሳይ መንገድ ሲሰፋ እንደ መዝገቡ የተደሰተ ሰው አልነበረም። ከደብረ ታቦር ወደ ምሥራቅ የሚወጣው ያ መንገድ ጭነት የያዙ ሁለት አህዮችን ጎን ለጎን አያሳልፍም ነበር። ከተማው የንጉሥ መቀመጫ ከሆነ ወዲህ ደግሞ ወታደሩ፣ ነጋዴው፣ እንጨትና ሣር ተሸካሚው ሁሉ እዚያው ላይ ይጋፋል። የመዝገቡ አህያ እንኳ ከነጭነቷ ገደል ልትገባ ለጥቂት ነው የተረፈችው። ስለዚህ የመንደሩ ጭቃ ሹም በላይነህ «ሁላችሁም በየደጃችሁ ያለውን መንጥራችሁ አስፉ!» ብለው ሲያዙ፣ መዝገቡ መጥረቢያውን ይዞ ከሁሉ ቀድሞ ወጣ። በመንገዱና በአውድማው መካከል የነበረውን የቅትክታ አጥር በገዛ እጁ ቆርጦ ጣለው።

ግራ መጋባቱ የመጣው በታኅሣሥ፣ ጤፉ ተበራይቶ ምርቱ አውድማው ላይ ሲከመር ነው።

በዚያ አገር ልማድ፣ ምርት አይቶ «ይበርክት!» ያለ መንገደኛ እፍኝ ሳይዝ አይሸኝም። ከከለከሉት በረከቱ አብሮት ይሄዳላ! ድሮ አጥሩ ስለሚጋርድ፣ ብቅ የሚለው ጎረቤትና አንዳንድ የቆሎ ተማሪ ብቻ ነበር። አሁንማ መንገዱ የአውድማውን ጠርዝ ነክቶ ያልፋል።

«ይበርክት!» አለ አንድ ወታደር። መዝገቡ ዘገነለት።

«ይበርክት!» አለ በቅሎ ነጂው። ለእሱም ዘገነለት።

«ይበርክት!» አሉ ሠርገኞች፣ ሁሉም ባንድ አፍ።

«አንተ ሰውዬ፣» አለች ሚስቱ ላቀች፣ «ክረምቱን ምን ልንበላ ነው? አገር ምድሩ ጤፋችንን በእፍኝ ሊጨርሰው ነው እኮ!»

«ታዲያ ልከልክልና በረከቱን ላባረው?»

«ወደ ቤት እናስገባዋ።»

«ቄሱ መጥተው ሳይባርኩት ምርት ይነሣል እንዴ?»

እውነቷን ነው፣ እሱም እውነቱን ነው። ቢጨንቀው ጭቃ ሹሙ ዘንድ ሄደ።

«ጌታው፣ ልማዱስ ባውድማዬ ለሚያልፍ ነው። እነዚህ ሰዎች የሚያልፉት በእኔ አውድማ ነው ወይስ በንጉሡ መንገድ?»

በላይነህ አገጫቸውን አሻሹ። «እኔ አስፋ ተባልሁ፣ አሰፋሁ። ስለ ጤፍ የነገረኝ የለም።»

መዝገቡ ተመልሶ ክምሩን በጭድ ሸፈነና እላዩ ላይ ጉብ አለ። ያላዩትን አይባርኩ! አላፊው ሁሉ ጭዱን አይቶ ዝም ብሎ አለፈ፤ መዝገቡም በልቡ ሳቀ። ኋላ ግን ገብስ የተሸከመች አንዲት የገሳይ ሴት ቆመች።

«ምነው ወንድሜ፣ ጭድ ብቻ ታቅፈህ? ዘንድሮ እህሉ ከዳህ?»

መዝገቡ ጭዱን ይበልጥ ወደ ራሱ ሰበሰበ። «አይ፣ ጤፉማ ከሥሬ አለ» ቢል ምን ሊባል ነው? ዝም ሲል ጊዜ ሐዘኑ የጠና መሰላትና ከገብሷ ዘግና እነጠላው ላይ አፈሰሰችለት። ወሬው በመንገዱ ከእሷ ቀድሞ ገበያ ገባ መሰል፣ የሚመጣው ሁሉ ያዝንለት ጀመር። አንዱ ሽምብራ፣ አንዱ ስንዴ። ያ ቀድሞ ጤፍ የተዘገነለት ወታደር እንኳ ተመልሶ «አይዞህ» አለው።

«ሰጪ ነህ ተቀባይ?» አለች ላቀች ነጠላውን አይታ።

«እኔም ጠፍቶኛል» አለና ተነሥቶ ጭዱን ገፈፈው። ከዚያ ወዲያ «ይበርክት» ላለው ሁሉ ከዚያው ከነጠላው ይዘግንለት ጀመር፤ የሽምብራውን ሰው ገብስ፣ የገብሱን ስንዴ እያስያዘ።

ወደ ማታ ያቺ የገሳይ ሴት ከገበያ ስትመለስ ጤፉን አየችው። ጤፉን አየች፣ እሱን አየች።

«አ-ሃ! በኔ ገብስ ነው የበቀለ?»

መዝገቡ መሬት መሬት አየ። ሴትዮዋ ሳቋ አመለጣትና «በል ይበርክት!» አለች። እሱም ነጠላዋን አስዘርግቶ በሁለት እጁ ከጤፉ ዘገነላት።

ጤፉ ክረምቱን በጭንቅ አወጣቸው። በዚያው ክረምት መግቢያ፣ ሰኔ ላይ፣ መዝገቡ ቅትክታውን ወደ ውስጥ ፈቀቅ አድርጎ መልሶ ተከለ። መኻሉ ላይ ግን አንድ ሰው የሚያስገባ ክፍት ቦታ ቀረ።

«ይህንንስ ለምን አትዘጋውም?» አለች ላቀች።

መዝገቡ ክፍቱን ቆሞ አየው፣ ወዲያ ማዶ የሚተራመሰውን መንገድ አየ።

«እንጃ» አለ፤ ግን አልዘጋውም።