ባለቤቱ ያልታወቀ ሸክም

እርጥብ የማሽላ ቅጠል በሸተተኝ ቁጥር አፍንጫዬ ሱቄን ጥሎ ወደ ሸዋ ሮቢት መግቢያ ኬላ ይሄዳል። በደርግ ጊዜ ከተራራው ጥግ ያለችው የአርጎባ መንደራችን ጫቷን በማሽላ ቅጠል ጠቅልላ ነበር ወደ ገበያ የምታወርደው። አንድ ሰሞን ይቀረጣል፣ በሌላው ሰሞን ተከልክሏል ይባላል፣ ደግሞ የከለከለው ሰውዬ ራሱ ጉንጩን በጫት ወጥሮ ይታያል፤ እኔ ልጅ ስለሆንኩ ብቻ የማይገባኝ ይመስለኝ ነበር።

በጋ ላይ የጫት አሳላፊዎችና የኬላው ታጣቂዎች ሸለቆው ውስጥ ተታኮሱ። አባቴ የጠፋ ግመሉን ሊፈልግ ወርዶ በዚያው ቀረ። እነዚህም «የነዚያ ሰው ነበር» አሉ፣ እነዚያም «የነዚህ» አሉ፤ የማን ሆኖ እንደሞተ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ወንዶቹ ወደ ላይ ሸሹ፣ እናቴ ፋጡማና ስድስት ጎረቤቶቿ ደግሞ ጫቱን አዝለው፣ እኔን አስከትለው ወደ ታች መውረድ ጀመሩ።

ክረምቱ ሲገባ አዲስ ነገር መጣ። ኬላው ከመታየቱ በፊት ካለችው የሮቃ ዛፍ ስር ሲደርሱ፣ ያለ ብዙ ወሬ ሸክም ይለዋወጡ ነበር፤ የእናቴን እትዬ ዘሃራ፣ የእትዬ ዘሃራን ሌላዋ ታዝላለች። «ያው አይደል እንዴ ክብደቱ?» ብላት እናቴ «ዝም ብለሽ ሂጂ» አለችኝ።

አንድ ማለዳ አንዱ ታጣቂ አስቆመን። መዝገቡን ገልጦ፣ ባለጫቷ ዛሬውኑ ወህኒ እንደምትወርድ ነገረን። እናቴ ከተወሰደች ለእኔና ጡት ላልተወው ወንድሜ ማንም አልነበረንም።

«ያዘልሽው ያንቺ ነው?»

«ወላሂ የኔ አይደለም» አለች እናቴ።

«ያንቺስ?»

«ወላሂ!» አለች እትዬ ዘሃራ፤ «የኔ ቢሆን እንዲህ ይከብደኝ ነበር፣ ጓድ ልጄ?»

ሰባቱም ማሉ፣ አንዷም አልዋሸችም። ታጣቂው ግራ ገብቶት ወደ እኔ ዞረ። «ልጅ አይዋሽም። እናትሽ ያዘለችው የማን ነው?»

የማን እንደሆነ ዛፉ ስር አይቻለሁ። ትናንት ስኳር ሰርቄ ስለዋሸሁ ተገርፌያለሁ፤ ዛሬ ደግሞ እውነቱ ከአለንጋ የባሰ ሆኖ ታየኝ። ሴቶቹን ባያቸው በዓይናቸው እንኳ ምልክት አልሰጡኝም። መላው ሲጠፋኝ «የኔ ነው» አልኩ።

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ታጣቂው የስድስት ዓመት ልጅ ማሰር አሳፍሮት፣ «ባለቤቱ ያልታወቀ» ብሎ ጽፎ፣ ጫቱን ወርሶ ለቀቀን። ከሰዓት ስንመለስ ጉንጩ ተወጥሮ ነበር። በሳምንቱ እንደገና ወረድን።

ዛሬ ጫቱ በአይሱዙ፣ በደረሰኝ ይወርዳል። በቀደም አንዲት ተማሪ የእናቶቻችንን ብርታት ልመዝግብ ብላ መቅጃዋን ይዛ መጣች። መለዋወጡን ማን እንዳመጣው ጠየቀች። እናቴ «እኔ አይደለሁም፣ ዘሃራን ጠይቂ» አለቻት። እትዬ ዘሃራ «ኧረ እኔ አይደለሁም፣ ፋጡማ ናት» አለቻት። በሕይወት ያሉትን ሁሉ አዳረሰች፤ ሁሉም ካዱ። ያኔ ወህኒውን ፈርተው ነበር፣ አሁን ምን ፈርተው እንደሆነ አልገባኝም። ልጅቷ ብዕሯን እንደያዘች ስታየኝ፣ «ባለቤቱ ያልታወቀ ብለሽ ጻፊ» አልኳት።