አገጭ ላይ የቆመ ወሬ

ወሬ ስለማያልቅባት የሥራ ባልደረቦቿ ለፍላፊዋ ይሏታል። የአልትራሳውንድ ባለሙያ ናት። እናቶች እየፈሩ ከመጋረጃው ጀርባ ሲጋደሙ፣ ቀዝቃዛውን ቅባት ሆዳቸው ላይ ቀብታ ያየችውን ሁሉ ትነግራቸዋለች። «ይኸው ተረከዙ። ይኸው ጉልበቱ፤ ኧረ ይሄ ልጅ ተራጋጭ ነው!» ሐኪሙ፣ «ዝምታ እኮ ወርቅ ነው» ሲላት፣ «እኔ ወርቅ አያምርብኝም» ብላ ትስቃለች።

አንድ ቀን ጠዋት አንዲት ልብስ ሰፊ ከአማቷ ጋር መጣች። የመጀመሪያ ልጇ ነው። ለፍላፊዋ እንደ ልማዷ ከእግር ጀምራ ወደ ላይ ወጣች። «ይኸው ልቡ፣ አሯሯጡን ተመልከቺ! ይኸው አገጩ...»

አለችና ቆመች። የላይኛው ከንፈር በአንድ በኩል ተሰንጥቋል። መሣሪያውን አዘንብላ ደግማ አየች፤ ያው ነው።

«እህቴ፣ ምነው ዝም አልሽ? ምን አየሽ?»

«ሐኪሙን ልጥራው» ብላ ወጣች።

ውጤቱን መንገር የሐኪሙ ድርሻ ነው። እሱም ተረጋግቶ አስረዳቸው። ልጁ ጠንከር ሲል ከንፈሩ ይሰፋለታል። ላንቃው መሰንጠቁን ግን መሣሪያው ሁልጊዜ አያሳይም፤ ሲወለድ ይለያል። ተሰንጥቆ ከሆነ ጡት መጥባት ይቸግረዋል። እናትየው ከዚህ ሁሉ የሰማችው የመጨረሻዋን ብቻ ነው። በሚቀጥለው ቀጠሮ ሳትመጣ ቀረች።

ያቺ ዝምታ ለፍላፊዋን እረፍት ነሳቻት። አንድ ቀን ከሥራ ስትወጣ የልብስ መስፊያውን ቤት አጠያይቃ ሄደች። አማትየው ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክላለች።

«መጣሽ? ያ ምላስሽ የት ገብቶ ነበር?»

«ደንግጬ ነው፣ እናቴ።»

«አንቺ ከደነገጥሽ እኛ ምን እንሁን?»

ልብስ ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ ቀና አላለችም። «በረሃብ የሚሞትብኝን ልጅ ደጋግሜ አይቼ ምን ላድርገው?»

«ማን ሞተና!» ለፍላፊዋ ከቦርሳዋ ለስላሳ ጡጦ አወጣች። ጎኑን ሲጫኑት ወተቱ ራሱ ይወርዳል፤ ልጁ ለመሳብ አይቸገርም። ውኃ ሞላችበት። «ልጁን ቀጥ አድርጎ ማቀፍ ነው። ሲውጥ ጫን፣ ሲያርፍ ተወት።»

አማትየው ነጥቃ አጥብቃ ብትጫነው ውኃው ፊቷ ላይ ተረጨ።

«ወይ ጉዴ! ልጁ ሳይደርስ እኔ ጠጣሁት!»

ልብስ ሰፊዋ ሳትወድ ሳቀች። ከዚያ ወዲያ ቀጠሮ አልቀረችም፤ በስፌቱ መሐልም አማትና ምራት ጡጦውን እየተቀባበሉ ይለማመዱ ነበር። «ስፌት ከሆነማ ምን ያስፈራናል? እንጀራችን አይደል» ትላለች አማትየው፣ እሷው ፈርታ።

ልጁ ሲወለድ አዋላጇ አፉን በጣቷ ዳስሳ፣ «ላንቃውም ክፍት ነው» አለች። አማትየው ጡጦውን አቀበለች። እናትየው ልጇን ቀጥ አድርጋ አቀፈች፤ ጫን፣ ተወት። መጀመሪያ ወተቱ በአፍንጫው ተመለሰ። አፍንጫውን ጠረገችለት። ደግማ ቀስ ብላ ጫን አለች።

ልጁ ዋጠ።

ለፍላፊዋ ወሬው ደርሷት እየሮጠች ስትገባ፣ እናትየው ልጁን ወደ እሷ አዞረችው። «አገጩ ላይ ነው ያቆምሽው። በይ ጨርሺልኝ።»

ለፍላፊዋ ጎንበስ አለች። «ይኸው ከንፈሩ፤ እዚህ ጋ ተከፍቷል፣ ወተት ጠብ ብሎበታል። ይኸው አፍንጫው። ይኸው ዓይኖቹ፤ ኧረ አያቱን እየገላመጠ ነው! ይኸው ግንባሩ...»

ጠጉሩ ላይ እስክትደርስ ማንም አላቋረጣት።