የአባባ አፍንጫ

ተቀበሉን! ትናንት በምንኖርባት ከተማ፣ በሽሊረን ጣቢያ፣ ከባቡር እንደወረድኩ ኢሜይሉን እዚያው ቆሜ አነበብኩት። ጄኔቫ ያለው፣ የደረቁ ዕፅዋት የሚጠበቁበት ቤት፣ የአባባን ቅጠሎች በሙሉ ይወስዳል። አንዲትም አትጣልም። ከሥሩ ደግሞ፣ «ሽታውን የተናገረችው ልጅ መጥታ ጽሑፉን ብታነብልን ደስ ይለናል» ይላል። ልጅቷ እኔ ነኝ! ጮህኩ። አጠገቤ የቆመች ሴትዮ ደንግጣ ቦርሳዋን አቀፈች።

ደስታዬ እንዲገባችሁ ግን መጀመሪያ ከእኔ ጋር ትንሽ መጸየፍ አለባችሁ።

አባባ የምላቸው የእናቴን አጎት ነው። ጄኔቫ ዳር፣ ቬርኒየ፣ ማለቂያ በሌለው በዚያ ረጅም ሕንፃ ውስጥ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። እንጀራቸው የሆስፒታል ልብስ ማጠብ ነበር፤ ልባቸው ግን ከወጣትነታቸው ጀምሮ ቅጠል ላይ ነው። ከሐዲድ ዳር፣ ከወንዝ ዳር፣ ከሰው አጥር ሥር ይለቅማሉ። በጋዜጣ መሃል ያደርቃሉ፣ ወፍራም ወረቀት ላይ በክር ይሰፋሉ፣ ከጎኑ በአማርኛ ይጽፋሉ። ጡረታ ሲወጡማ ሌላ ሥራ አልነበራቸውም።

እኔና እናቴ አንዳንድ ቅዳሜ ከሽሊረን ተነስተን ቤታቸውን ልናጸዳ እንሄድ ነበር። ቤቱ! በሩ ሲከፈት የሻገተ ጋዜጣ ፊታችሁን ይመታችኋል። መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ እንደ ንፍጥ የሚዝለገለግ የውኃ አረም ተኝቷል። ፍሪዘሩ ውስጥ፣ ከዶሮው እግር ጎን፣ ነፍሳቱ እንዲሞቱ የታሰረ የቅጠል እስር አለ። አንድ ቀን ሻዬ ውስጥ እግር ያለው ነገር ሲዋኝ አየሁና ጮህኩ።

«ጠጪው» አሉኝ አባባ። «ከተወለደ ቅጠል እንጂ ሌላ አልበላም። ካንቺ የጸዳ ነው።»

ችግራቸው አንድ ነበር፤ ማሽተት አይችሉም። «የልብስ ማጠቢያው በረኪና አፍንጫዬን በላው» ይሉ ነበር። ስለዚህ ያላቸው አፍንጫ የእኔ ብቻ ሆነ። «ቅርጹ ወረቀት ላይ ይቀራል፤ ሽታው ግን ይበናል። ካልተጻፈ ማን ያምናል?»

መጀመሪያ እንዳሸት የሰጡኝ ፕላንፓሌ ከሚባለው የጄኔቫ ሰፈር ያመጡትን ቢጫ የዛፍ ፍሬ ነው። መሬት ወድቆ፣ ተረግጦ፣ ፈርጧል።

«ምን ምን ይላል?»

«ይሸታል።»

«መሽተቱንማ አውቄ ነው የጠየቅኩሽ! ከረፋ? ገማ? ጠነባ?»

«ሁሉም አንድ አይደለም እንዴ?»

አባባ እርሳሳቸውን አስቀመጡ። እንዲህ አዝነውብኝ አያውቁም። «ያልታጠበ እግር ይከረፋል። እንቁላል ይገማል። የሞተ አህያ ይጠነባል። አማርኛ ለግማት ደሃ አይደለም፣ አታዋርጂው።»

እንደገና አሸተትኩ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። «አባባ፣ ይሄማ የሕፃን ትውከት ነው። የከረመ ቅቤ ፈሶበታል።»

«ይኸው! ጎበዝ!» ብለው እንዳለ ጻፉት።

ያኔ ቤት ውስጥ የማውቀው አማርኛ «እሺ፣ በላሁ፣ መጣሁ» ነበር። ቀሪውን የተማርኩት አፍንጫዬን ጨምድጄ ነው።

ክረምቱ ሊያልቅ ሲል አባባ ሞቱ። ቤቱ ባዶ ሆኖ ለአከራዮቹ መመለስ ነበረበት። ከሽሊረን ቤተ ክርስቲያናችን ፓስተራችንና ጥቂት እናቶች መኪና ይዘው ሊያግዙን መጡ። አንዷ እናት ቁም ሳጥኑን ስትከፍት እስከ ጣሪያው ድረስ ቅጠል፣ ሥር፣ ክር፣ የእጅ ጽሕፈት።

«በኢየሱስ ስም! እኚህ ሰውዬ ሥር ማሽ ቅጠል በጣሽ ነበሩ እንዴ?»

ቃሉን ሰምቼው አላውቅም። የእናቴ ፊት ሲገረጣ ግን ገባኝ፤ ጠንቋይ ነበሩ ወይ ማለቷ ነው። ማንም መልስ አልጠበቀም። ጓንት አጠለቁ፣ ጥቁር ከረጢት ዘረጉ፣ ወረቀቱን የሞተ አይጥ እንደሚነሳ በጣታቸው ጫፍ እየያዙ መወርወር ጀመሩ። ያ ሁሉ የለቃቀሙት ዕድሜ ስንጥቅ ስንጥቅ ሲል ይሰማኛል። እናቴ አፍራ መሬት መሬት ታያለች። ከዚያ ቀን በፊት የተጸየፍኩት ሁሉ ለካ ጨዋታ ነበር። ያን ዕለት የሰው ፊት አስጠላኝ። ከሁሉ ከሁሉ ደግሞ የራሴ አስጠላኝ፤ ሦስት ከረጢት እስኪሞላ አንድ ቃል አልተነፈስኩም።

በመጨረሻ እጄን ከረጢቱ ውስጥ ከትቼ የያዝኩትን አወጣሁ። ጮክ ብዬ አነበብኩ፦ «ከሽሊረን ጣቢያ፣ ከሐዲዱ ጠጠር መሃል። አበባው ሮዝ። ሽታው፦ የተቃጠለ ጎማ ጎማ ይላል። ያሸተተችው፦ የእህቴ የልጅ ልጅ።»

«ሌላ አንብቢ» አሉ ፓስተሩ ፈርጠም ብለው።

ሌላ መዘዝኩ። «ከሮን ወንዝ ዳር፣ ከእርጥብ መሬት። ሥሩ ሲደርቅ...» እዚህ ላይ ምን እንደሚመጣ ትዝ አለኝ። ምነው ባልመዘዝኩት!

«ምን ይላል? ጨርሺው እንጂ!» አሉ ፓስተሩ።

«...ሥሩ ሲደርቅ፦ ፓስተር እኛ ቤት ጫማ ያወለቁ ዕለት ካልሲያቸው እንደሸተተው ይሸታል።»

እናቴ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። ፓስተሩ ቁልቁል እግራቸውን አዩ፣ እኔን አዩ፤ ከዚያ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «እኅቶች፣ ጠንቋይ የእኔን ካልሲ ምን ያደርግለታል?» አሉ። ሦስቱንም ከረጢት ራሳቸው ዘርግፈው፣ ወረቀቱን አንድ በአንድ በእጃቸው መዳፍ ያቃኑት ጀመር። ያቺ የጮኸችው እናት ጓንቷን አውልቃ አጠገባቸው ተንበረከከች።

የሰውን እጅ የሚያስቆም ዓረፍተ ነገር ከአፌ ሊወጣ እንደሚችል ያን ዕለት አወቅኩ። ከዚያ ወዲህ እጽፋለሁ።

ወረቀቶቹ እስካሁን አልጋዬ ሥር ናቸው። ክፍሌ ይከረፋል፤ አይገማም፣ አይጠነባም፣ ይከረፋል። ፎቶ አንስቼ ለጄኔቫው ቤት የላክሁት እኔ ነኝ፤ መልሱ ትናንት መጣ።

አንድ ነገር ግን ይጎድላል። አባባ በየወረቀቱ ላይ «ስም» ብለው ከጎኑ ባዶ ትተዋል፤ ለዚህ አገር አረም አማርኛ ስም የለውም፣ ብቻቸውን ማውጣትም አልፈለጉም። «ስም የሚያወጣው ሰፈር ነው» ይሉ ነበር። እንግዲህ ሰፈሩ ይህን የምታነቡ እናንተ ናችሁ። ወረቀቶቹ ጄኔቫ ሲገቡ እኔ አነብላችኋለሁ፣ እናንተ ስም ታወጣላችሁ። ኑ። አፍንጫችሁን ይዛችሁ ኑ።